ብርቱውን አሳርፎ ተጠባባቂውን ማሰለፍ

ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ወደ ጣና ሲወርዱ የፎገራ ሜዳ ግማሹ ውሃ ግማሹ ጭቃ ይሆናል። በዚያን ጊዜ የወረታ አካባቢ ገበሬ ሩዙን ብቻውን አርሞ አይጨርሰውም፤ አረሙ ከሰው እጅ ቀድሞ ያድጋልና። ስለዚህ ወንፈል ይገባል። ወንፈል ማለት፣ ለከተሜው አንባቢ መግለጽ ያስፈልግ እንደ ሆነ፣ ዛሬ እኔ በአንተ ማሳ፣ ነገ አንተ በእኔ ማሳ ተባብለው ጉልበት የሚበዳደሩበት ሥርዓት ነው። ደቦ ድግስ ነው፤ የመጣው ሰው ሠርቶ፣ በልቶ፣ ጠጥቶ ይሄዳል፤ ቀኑን አጥብቆ የሚቆጥር የለም። ወንፈል ግን ብድር ነው። ቀኑ ይቆጠራል፤ በሬ ለመጣለት በሬ፣ ጎልማሳ ለመጣለት ጎልማሳ ይመልሳል።

የወንፈልን ሕግ በወረቀት የጻፈ ዳኛ የለም፤ ቢሆንም ሁሉም ያውቀዋል። ጎረቤቱ ዋና በሬውን ጠምዶ አርሶለት ሳለ፣ ተራው ሲደርስ እሱ ዋናውን በሬ በረት አስሮ ገና ያልተገራውን ወይፈን ቢልክ፣ ቀኑን ከፍሏል፤ ብድሩን ግን አልከፈለም። ጎረቤቱ ይህን አይቶ ዝም ሊል ይችላል፤ ነገር ግን አይረሳውም። በሌላ በኩል ደግሞ የበሬው ትከሻ በእውነት በቀንበር ቆስሎ እንደ ሆነ የሚቀየም ሰው አይገኝም፤ እንዲያውም አሳርፈው ብሎ የሚመክረው ያው ጎረቤት ነው። ከሩቅ ለሚያይ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ በሁለቱም ጊዜ የመጣው ወይፈኑ ነው። ልዩነቱ በምክንያቱ ላይ ነው።

ይህን ማስቀደሜ ስለ እርሻ ለመጻፍ አስቤ አይደለም። በዓለም የስፖርት ሸንጎ ዘወትር የሚነሣ አንድ ክርክር አለ፤ ይኸውም አንድ አገር ከሌላ አገር ጋር በሚያደርገው ግጥሚያ ዋና ዋና ተጫዋቾቹን አሳርፎ በምትካቸው ደካማ ቡድን ማሰለፉ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነው። ክርክሩ ይበልጥ የሚሞቀው ራግቢ በተባለው ጨዋታ ላይ ነው። ራግቢ ለእኛ ሩቅ ይመስላል፤ በአገራችን ሜዳ ላይ ብዙ አልታየምና። ታሪኩን ተከትሎ የሚሄድ ሰው ግን ነገሩ የኢትዮጵያን ታላላቅ ሯጮች ሲነካ ያገኘዋል፤ ከሩጫውም ታሪክ አንዱ ክር እዚሁ ፎገራ ሜዳ ላይ ከበቀለው ሩዝ ጋር ተጠላልፏል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአገራችን አቆጣጠር ነው።)

ራግቢ በአንድ ወገን 15 ሰዎች የሚሰለፉበት፣ በሞላላ ኳስ የሚጫወቱት የእንግሊዞች ጨዋታ ነው። ኳሱን በእጅ ይዞ መሮጥ ይቻላል፤ በእጅ ማቀበል ግን ወደ ኋላ ብቻ ነው። ኳስ የያዘውንም ሰው አንቆ ካልሆነ በቀር ይዞ መሬት ላይ መጣል የተፈቀደ ነው። 80 ደቂቃ ሙሉ ሰው ከሰው ጋር ስለሚላተም፣ የዚህ ጨዋታ ሰዎች ዕረፍት ያስፈልገናል ሲሉ ስንፍና አይደለም፤ ትከሻቸው እንደ በሬው ትከሻ በእውነት ይቆስላል።

የራግቢ አገሮች ከጥንት ጀምሮ ግንኙነታቸው በጉብኝት ነበር። የኒው ዚላንድ ቡድን በመርከብ ተጭኖ ብሪታንያ ወይም ደቡብ አፍሪካ ይሄዳል፤ ወራት ሙሉ ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወረ ይጫወታል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ደግሞ እነዚያ በተራቸው ይመጣሉ። የአስተናጋጁ አገር ሕዝብ ዋጋ ከፍሎ የሚገባው ስሙን የሰማውን ጀግና በዓይኑ ለማየት ነው። ይህ ወንፈል ካልሆነ ምን ሊባል እንደሚችል አላውቅም።

በግንቦት 29 ቀን 1990 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቡድን በአውስትራሊያ በብሪዝበን ከተማ ተሰለፈ። አሠልጣኙ ክላይቭ ዉድዋርድ ነበር። ከዋናዎቹ ተጫዋቾች ብዙዎቹ በጉዳትና በድካም ምክንያት አገራቸው ቀርተው ስለ ነበረ፣ የተላኩት አብዛኞቹ ስማቸው ያልታወቀ ወጣቶች ነበሩ። ውጤቱ 76 ለ 0 ሆነ። ቡድኑ ከዚያ ወደ ኒው ዚላንድና ወደ ደቡብ አፍሪካ አልፎ በየደረሰበት ተሸነፈ፤ እንግሊዞችም ያንን ጉዞ የሲኦል ጉብኝት ብለው ሰየሙት። አውስትራሊያውያን በድሉ ብዙም አልተደሰቱም፤ ወይፈን ተልኮልናል አሉ እንጂ።

ሆኖም የዚህ ታሪክ መጨረሻ እንዳሰቡት አልሆነም። በዚያ ቀን በብሪዝበን ከተሰለፉት አንዱ ጆኒ ዊልኪንሰን የሚባል የ19 ዓመት ልጅ ነበር። በኅዳር 12 ቀን 1996 ዓ.ም. በሲድኒ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ፣ ጭማሪው ሰዓት ሊያልቅ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩት፣ ኳሱን በቀኝ እግሩ መትቶ እንግሊዝ አውስትራሊያን 20 ለ 17 እንድታሸንፍ ያደረገው ይኸው ሰው ነው። የቡድኑም አሠልጣኝ ያው ዉድዋርድ ነበር። ወይፈኑም ተገርቶ በሬ ሆነ ማለት ነው። ነገር ግን የተገራው በሌላ ሰው ማሳ ላይ መሆኑን ማስታወስ ያሻል።

ማሳረፍ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል ለሚለው ጥያቄም ራግቢ ራሱ በአንድ ዘመን ሁለት ተቃራኒ መልስ ሰጥቷል። በ1999 ዓ.ም. የኒው ዚላንድ አሠልጣኞች ለመጪው የዓለም ዋንጫ ኀይል እንዲቆጥቡ ብለው 22 ምርጥ ተጫዋቾችን ከክለቦች ውድድር የመጀመሪያ ሳምንታት አወጧቸው። በዚያው ዓመት ክረምት ደቡብ አፍሪካ በበኩሏ ዋናዎቹን አገር ቤት አስቀምጣ ወደ አውስትራሊያና ወደ ኒው ዚላንድ የተዳከመ ቡድን ላከች፤ አስተናጋጆቹም አጥብቀው ተቆጡ። ኒው ዚላንድ በመስከረም 25 ቀን 2000 ዓ.ም. በካርዲፍ በሩብ ፍጻሜው በፈረንሳይ 20 ለ 18 ተሸንፋ ተመለሰች። ደቡብ አፍሪካ ግን በጥቅምት 9 ቀን እንግሊዝን 15 ለ 6 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ሁለቱም አሳርፈዋል፤ አንዱ ጠገበ፣ አንዱ ተራበ። ስለዚህ የዕረፍቱን ጥቅም በውጤት ብቻ መለካት የሚቻል አይመስለኝም።

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ ድካም ነው። ነገር ግን በራግቢ ታሪክ ብርቱውን ማስቀረት ከድካም ጋር ምንም ግንኙነት ያልነበረበት ዘመን አለ።

ጆርጅ ኔፒያ ከኒው ዚላንድ ነባር ሕዝብ ከማኦሪዎች የተወለደ ነበር። የአገሩ ቡድን በ1917 ዓ.ም. በብሪታንያ፣ በአየርላንድና በፈረንሳይ ተዘዋውሮ አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ ሲመለስ፣ ይህ የ19 ዓመት ወጣት በእነዚያ ግጥሚያዎች ሁሉ ተሰልፎ ነበር። በ1920 ዓ.ም. ኒው ዚላንድ ወደ ደቡብ አፍሪካ በሄደች ጊዜ ግን ኔፒያ ቀረ። ያልታመመ፣ ያልደከመ ሰው ነበር። የቀረው ደቡብ አፍሪካውያን ነጭ ያልሆነ ሰው በሜዳቸው እንዲሰለፍ ስለማይፈልጉና የኒው ዚላንድም ሹማምንት ይህንን ተቀብለው ስላደሩ ነው። በ1941 ዓ.ም. እንደ ገና እንዲሁ ሆነ፤ ያለ ማኦሪዎች የሄደው ቡድን አራቱንም ዋና ግጥሚያዎች ተሸነፈ። በ1952 ዓ.ም. ሦስተኛው ጉዞ ሲዘጋጅ ከ150,000 በላይ የኒው ዚላንድ ሰዎች ማኦሪ ካልሄደ ጉብኝቱ ይቅር ብለው ፈርመው ነበር፤ ቡድኑ ግን ሄደ። አበበ ቢቂላ በሮም ያሸነፈው በዚያው በ1952 ዓ.ም. ማለቂያ መሆኑን ልብ ይሏል።

እንግዲህ አንድ አገር በፈቃዱ ራሱን አዳክሞ፣ ያውም የገዛ ልጁን ክብር ሽጦ፣ ወደ ግጥሚያ ሲሄድ ምን ይባላል? የደቡብ አፍሪካ ቡድን ራሱስ ቢሆን ከሕዝቡ የሚበዛውን ክፍል በቆዳው ቀለም ምክንያት ከሜዳ አስወጥቶ የሚሰለፍ ስለ ነበረ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሙሉ የአገር ቡድን ነበር ለማለት ያስቸግራል።

ይህን ነገር አፍሪካውያን ቀድመው አውቀውታል፤ ኢትዮጵያም በመካከሉ ነበረች። በየካቲት 1949 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአፍሪካ የእግር ኳስ ዋንጫ በካርቱም ሲደረግ የሚወዳደሩት ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ እንዲሆኑ ታስቦ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ግን ወይ ነጭ ብቻ ወይ ጥቁር ብቻ የሆነ ቡድን እልካለሁ እንጂ ቀላቅዬ አልልክም አለች። መሥራቾቹም፣ ከእነሱም መካከል አቶ ይድነቃቸው ተሰማ፣ እንዲህ ያለውን ቡድን አንቀበልም ብለው ከውድድሩ አስወጧት። ኢትዮጵያ በዚህ ምክንያት ሳትጫወት ለፍጻሜ ደርሳ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። አራት ግብ የገባበት ቡድን በዚያ ቀን አዝኖ ይሆናል፤ ዛሬ ሲታሰብ ግን ከደቡብ አፍሪካ ጋር ተጫውቶ ከማሸነፍ ይህ ሽንፈት የሚበልጥ ይመስለኛል። አቶ ይድነቃቸው ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩ፤ በዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴም ውስጥ አባል ሆነው የአፓርታይድን ነገር ሳይታክቱ ተከራክረዋል።

ከዚህ በኋላ የራግቢው ታሪክና የእኛው ታሪክ በአንድ ቦታ ይገናኛሉ። በሰኔ 9 ቀን 1968 ዓ.ም. በሶዌቶ የደቡብ አፍሪካ ፖሊሶች በተማሪዎች ላይ ተኮሱ። በዚያው ወር የኒው ዚላንድ የራግቢ ቡድን ለጉብኝት ደቡብ አፍሪካ ገባ። የአፍሪካ አገሮች ኒው ዚላንድ በሞንትሪያል ከሚደረገው ኦሊምፒያድ እንድትወጣ ጠየቁ። ኮሚቴው ራግቢ የኦሊምፒክ ጨዋታ ስላልሆነ አይመለከተኝም ብሎ መለሰ። ከ20 የሚበልጡ የአፍሪካ አገሮችም ሯጮቻቸውንና ቦክሰኞቻቸውን አስቀሩ፤ ኢትዮጵያ ከእነዚህ አንዷ ነበረች።

ሞላላዋ ኳስ ምሩጽ ይፍጠርን ከሞንትሪያል ያስቀረችው በዚህ መንገድ ነው። ምሩጽ በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ በ10,000 ሜትር ሦስተኛ ወጥቶ፣ በ5,000 ሜትር ደግሞ ሳይሮጥ ቀርቶ፣ ይህን ቀን ለአራት ዓመት ሲጠብቅ የቆየ ሰው ነበር። በሙኒክ የቀደመው የፊንላንዱ ላሴ ቪረን በሞንትሪያል ሁለቱንም ርቀት እንደ ገና አሸነፈ። በ1,500 ሜትር የዓለም ባለ ክብረ ወሰን የነበረው የታንዛንያው ፊልበርት ባዪም ቀርቶ ነበር፤ በዚያ ሩጫ ወርቁን የወሰደው ጆን ዎከር ነው። ዎከር ደግሞ የኒው ዚላንድ ሰው ነው! ነገሩን ያመጣው አገር ሯጩን አሰልፎ ወርቅ ሲወስድ፣ ስለ ፍትሕ ብለው የቀሩት ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ይቆረቁረኛል፤ ሆኖም መቅረቱ ስሕተት ነበር ለማለት ልቤ አይሞላም። ስለ ሶዌቶ ልጆች ከዓለም ፊት የሚናገሩበት ሌላ መድረክ አፍሪካውያን በዚያን ጊዜ ብዙ አልነበራቸውም።

ምሩጽ በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ 10,000ንም 5,000ንም አሸነፈ። ማርሽ ቀያሪው የሚለውን ስም ያጸናለት የመጨረሻው ዙር ፍጥነቱ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ የቀሩት አሜሪካ፣ ምዕራብ ጀርመን፣ ጃፓን፣ ኬንያና ሌሎች ነበሩ። ስለዚህ ምሩጽ ያሸነፈው የተዳከመ ሜዳ ነው የሚል ሰው አይጠፋም። ለዚህ መልሱ አጭር ነው፤ ቪረን ራሱ በ10,000 ሜትር ተሰልፎ አምስተኛ ወጥቷል። ይልቁንስ የሚያሳዝነው የኬንያው ሄንሪ ሮኖ ነው። በ1970 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ አራት የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረው ይህ ሰው በ1968 አገሩ ስለ ቀረች፣ በ1972ም አገሩ ስለ ቀረች አንድም ኦሊምፒያድ ሳይሮጥ ዘመኑ አለፈ። በሬ ቢያርፍ በሚቀጥለው ክረምት ይበረታል፤ ሯጭ ግን አራት ዓመት ሲያርፍ የሚበረታው ዕድሜው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ፎገራ እንመለስ። በ1970ዎቹ ዓመታት የሰሜን ኮሪያ የእርሻ ባለሙያዎች ወደዚህ ሜዳ መጡ። ያን ጊዜ በክረምት ውሃ የሚተኛበት ጥቁር መሬት ለከብት ግጦሽና፣ ውሃው ከሸሸ በኋላ በእርጥበቱ ለሚዘራ ጓያ ካልሆነ በቀር ለብዙ ነገር አይውልም ነበር። እነሱ ግን ውሃ የሚወድ እህል አለ አሉ። በደራ ወረዳ በጅግናና በፎገራ በሻጋ በነበሩት የአምራች ገበሬዎች ማኅበራት ሩዝ ተሞከረ። ማኅበራቱ ፈረሱ፤ ሩዙ ቀረ። ኤክስ ጅግና የሚባለው ዘር ስሙን ያገኘው ከዚያው ቀበሌ ነው። ዛሬ በወረታ የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው መንገደኛም፣ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚገነጠለውም መንገደኛ፣ በግራና በቀኝ የሚያየው አረንጓዴ ሩዝ ነው። የአገሩም ሰው ሩዙን ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ እንጀራ ይጋግረዋል። ስመ ጥሩው የፎገራ ከብት ግን ግጦሹ ስለ ጠበበበት እያነሰ መሄዱን ሽማግሌዎች በቅሬታ ይናገራሉ።

እነዚያ ባለሙያዎች የመጡበት ወዳጅነት ግን በሩዝ ብቻ አላበቃም። በ1976 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከሶቪየት ኅብረት ጎን ሆና ከሎስ አንጀለስ ኦሊምፒያድ ቀረች፤ አንድ ዓመት አስቀድሞ በሄልሲንኪ የዓለም ሻምፒዮና በማራቶን ሁለተኛ የወጣው ከበደ ባልቻም አብሮ ቀረ። በ1981 ዓ.ም. መግቢያ ውድድሩ በደቡብ ኮሪያ ዋና ከተማ በሴኡል ሆነ። ሰሜን ኮሪያ ዝግጅቱን አብሬ ካልተካፈልኩ አልገኝም አለች፤ ከእርሷ ጋር ከቀሩት ጥቂት አገሮች መካከል ኩባና ኢትዮጵያ ነበሩ።

ከሴኡል አምስት ወር ገደማ ቀደም ብሎ፣ በሚያዝያ 9 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ በላይነህ ዴንሳሞ በሮተርዳም ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብሮ ነበር። ያን ጊዜ ለመድረስ ዓለም አሥር ዓመት ፈጀበት። የሴኡልን ማራቶን ያሸነፈው ጣሊያናዊው ጌሊንዶ ቦርዲን የገባው በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ32 ሰከንድ ነው። በእርግጥ የአንዱ ከተማ መንገድና አየር ከሌላው ጋር አይመዛዘንም፤ በላይነህ ቢሮጥ ኖሮ ያሸንፍ ነበር ብሎ መማል አይቻልም። ነገር ግን ሳይሮጥ እንዲቀር ማንም እሱን አላማከረውም። በሞንትሪያል የቀረነው አፍሪካ በሙሉ ስለ ተበደለበት ነገር ነው፤ በሴኡል የቀረነው ስለ ሌላ ሰው ቤት ጠብ ነው። ሁለቱን መቅረቶች በአንድ ሚዛን የሚያስቀምጡ ጸሐፊዎች አሉ፤ እኔ ግን አልስማማም። የሩዙን ውለታ በሩዝ መመለስ ይቻል ነበር፤ በበላይነህ እግር መመለስ አያስፈልግም ነበር።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ኢትዮጵያ ከኦሊምፒያድ ቀርታ አታውቅም። ከዚያ በኋላ ያለው ጥያቄ መልኩን ለወጠ፤ መንግሥት ሯጩን ማስቀረቱ ሳይሆን ሯጩ ራሱን ማሳረፉ ሆነ። የበርሊን፣ የለንደን፣ የኒው ዮርክ ማራቶኖች ብዙ ገንዘብ ይከፍላሉ፤ አንድ ሯጭ ደግሞ በዓመት ከሁለት ወይም ከሦስት ማራቶን በላይ በሙሉ ኀይሉ ሊሮጥ አይችልም። ስለዚህ ለአገሩ የሮጠ ለቤቱ ያጎድላል፤ ለቤቱ የሮጠ ለአገሩ ያሳንሳል።

በ2000 ዓ.ም. ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የማራቶን የዓለም ባለ ክብረ ወሰን ሳለ፣ የቤጂንግ አየር በጭስ ስለ ተበከለና እሱም የመተንፈስ ችግር ስላለበት፣ በዚያ ማራቶን እንደማይሮጥ አስታወቀ። በ10,000 ሜትር ተሰልፎ ስድስተኛ ወጣ፤ ወርቁን ቀነኒሳ በቀለ ወሰደ። በማራቶኑ ኬንያዊው ሳሙኤል ዋንጂሩ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ32 ሰከንድ ሲያሸንፍ የእኛ ጸጋዬ ከበደ ሦስተኛ፣ ድሪባ መርጋ አራተኛ ሆኑ። ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ በመስከረም 18 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ኃይሌ በበርሊን 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሮጦ የራሱን ክብረ ወሰን ሰበረ። ያን ጊዜ በአዲስ አበባ ቡና ቤቶች፣ ይህን ኀይል ለማን ቆጥቦት ኖሯል? የሚል ወሬ አልጠፋም። ወሬው ግን አራት ዓመት ቀደም ብሎ የሆነውን የረሳ ነበር። በ1996 ዓ.ም. በአቴና ይኸው ሰው የቆሰለ ተረከዙን ይዞ ለአገሩ ተሰልፎ፣ ቀነኒሳና ስለሺ ስኅን በሩጫው መካከል ፍጥነታቸውን ቀንሰው እንደ ጠበቁት፣ በመጨረሻም አልሆንለት ብሎ አምስተኛ እንደ ገባ ዓለም አይቷል። የቆሰለ በሬ አንድ ጊዜ ቀንበር ከተሸከመ በኋላ ሁለተኛ አሳርፉኝ ቢል የሚፈረድበት አይመስለኝም።

በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ቀነኒሳ በሪዮ ማራቶን ልሩጥ ሲል የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑ ሳይመርጠው ቀረ፤ እሱም ቅሬታውን በአደባባይ ተናገረ። የተመረጠው ፈይሳ ሌሊሳ የብር ሜዳልያ አመጣ። ቀነኒሳ በሚቀጥለው ወር በበርሊን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ አሸነፈ። ማን ትክክል ነበር? የሁለቱንም ውጤት ያየ ሰው ለሁለቱም መፍረድ ይችላል።

ስለ እግር ኳስ ጥቂት ልበል፤ ከወረታ ሰው የኳስ ጨዋታ ለማየት የሚሄደው ባሕር ዳር ነውና። በኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ዋልያዎቹ አይቮሪ ኮስትን 2 ለ 1 ያሸነፉት በዚያ ስታዲዮም ነው። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. በዚያው ስታዲዮም የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ ተደረገ፤ ነገር ግን ውድድሩ የተደረገው ከ23 ዓመት በታች በሆኑ ቡድኖች መካከል ነው። ዋንጫውን ታንዛንያ ቡሩንዲን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፋ ወሰደች። አዘጋጆቹ ውድድሩን የወጣቶች አደረጉት፤ ይህም በእኔ አስተያየት ከማታለል የተሻለ ነው። ወይፈን የሚመጣ ከሆነ የወይፈን ወንፈል ነው ብሎ አስቀድሞ መናገር ማንንም አያስቀይምም። በሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ በማላዊ ሊሎንግዌ ግብፅን 2 ለ 0 ስታሸንፍ መሐመድ ሳላህ ቆስሎ አልተሰለፈም ነበር። እሱ ቢኖር ኖሮ ያሉ ሰዎች ነበሩ። ሳላህ የቀረው ታሞ እንጂ ተንቀን አይደለም፤ ስለዚህ ድሉ ሙሉ ድል ነው።

ወደ ሯጮቹ ልመለስና፣ በኢትዮጵያ ታሪክ ተጠባባቂ የሚለው ቃል ከራግቢው የተለየ ትርጉም እንዳለው ላስታውስ። በ1952 ዓ.ም. ወደ ሮም ይሄዳሉ ከተባሉት መካከል ስሙ ከአበበ ቢቂላ ይልቅ የታወቀው ዋሚ ቢራቱ ነበር። ዋሚ ከጉዞው ቀረ። በጳጉሜን 5 ቀን፣ በዓመቱ የመጨረሻ ምሽት፣ አበበ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ አሸነፈ። በጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ አበበ የታመመ እግሩን ይዞ ተሰልፎ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ ሲያቆም፣ ከኋላው የነበረው ማሞ ወልዴ አለፈና የወርቁን ሜዳልያ ለኢትዮጵያ ሦስተኛ ጊዜ አመጣ። እንግሊዞች ዋናው ሲቀር 76 ግብ ነጥብ ተቆጠረባቸው፤ እኛ ዋናው ሲቀር ሌላ ዋና ተገኘ።

ይህ ሁልጊዜ አይሆንም። በ2013 ዓ.ም. በተካሄደው የቶኪዮ ውድድር የተላኩት ሦስቱ የማራቶን ወንዶች ሁሉ ሩጫውን ሳይጨርሱ ቀርተዋል። በ2016 ዓ.ም. ለፓሪስ የተመረጡት ሲሳይ ለማ፣ ደሬሳ ገለታና ቀነኒሳ በቀለ ነበሩ፤ ታምራት ቶላ ተጠባባቂ ተባለ። ታምራት ከሁለት ዓመት በፊት በዩጂን የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው ተጠባባቂ የሚሆንበት አገር ብዙ የለም። ሩጫው ሲቃረብ ሲሳይ ተጎዳና ቦታውን ለቀቀ። በነሐሴ 4 ቀን ታምራት በፓሪስና በቬርሳይ ዳገቶች ላይ ሁሉንም ትቷቸው ሄዶ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ገባ፤ ዋንጂሩ በቤጂንግ ያስቀመጠውን የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን በስድስት ሰከንድ አሻሻለ። ደሬሳ አምስተኛ ሆነ። ለሪዮ ሳይመረጥ የቀረው ቀነኒሳ በ42 ዓመቱ ለኦሊምፒክ ማራቶን ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰልፎ 39ኛ ገባ።